የሲጋር ቀለበትና የወንድሜ መፋቂያ

ውድ እኅቶቼ፣ እኔ ይኸው ባሕራ ነኝ። በዚህ የእጅ ሙያ ገጽ ላይ እስካሁን የጻፉት እኅቶች ስለ ዳንቴልና ስለ ስፌት ነው ያስተማሩን። እኔ ዳንቴል አይሆንልኝም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ግን ሥዕልና ሒሳብ እወድ ነበርና ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ትንሽ ሙያ ላካፍላችሁ። ዕቃ ላይ የሚጠለቅ የወረቀት ቀለበት እንዴት እንደሚነደፍ ነው።

ነገሩን ያየሁት በምሠራበት ቤት ነው። ባባ አንዳንድ ቀን ማታ እንግዶች ሲመጡለት መጅሊስ ውስጥ ሲጋር ያጨሳሉ። ሲጋራ አላልኩም፣ ሲጋር ነው፤ ያ እንደ አውራ ጣት የወፈረው፣ ከትምባሆ ቅጠል ብቻ ተጠቅልሎ የሚሠራው። በማግስቱ መተርኮሻውን ስደፋ ከአመዱ ውስጥ የወረቀት ቀለበት አገኛለሁ። ወርቅማ፣ ቀይ፣ አንዱ ላይ ዘውድ፣ አንዱ ላይ ጋሻ። በጣት ሲዳስሱት ሥዕሉ ወጣ ወጣ ብሎ ይሰማል። መጣል አሳሳኝና እያጠብኩ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅም ጀመር። ማዳም አይታ ሳቀች እንጂ አልከለከለችኝም። ኋላ እንደሰማሁት እነዚህን ቀለበቶች የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገር አሉ፤ በደብተር የሚለጥፉም፣ በመስታወት ሳሕን ሥር ለጥፈው ጌጥ የሚያደርጉም።

ማጨስን ላመሰግን እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ትምባሆ ገዳይ ነው፣ ለእኛ ደግሞ ሃይማኖቱም አለ። እኔ የማወራው ስለ ወረቀቱ ነው።

ቀለበቱ የተጀመረው በኩባ፣ ሃቫና ከተማ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ነው ይባላል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። ጉስታቭ ቦክ የተባለ ከአውሮፓ የመጣ ባለፋብሪካ ነው የጀመረው ይላሉ። ምክንያቱ የጨዋ ሰዎች ነጭ ጓንት በትምባሆው እንዳይቆሽሽ ነው የሚል ወሬም አለ፤ እኔ ግን ይሄ ብዙም አይዋጥልኝም፣ ቀለበቱ ከጣት ያነሰ ወርድ ነው ያለው። የበለጠ የሚያሳምነው ሌላው ምክንያት ነው። የሃቫና ሲጋር ስሙ ሲገን በየአገሩ ተራውን ትምባሆ ጠቅልለው «የሃቫና ነው» እያሉ የሚሸጡ በዙ። ባለፋብሪካው ስሙን በእያንዳንዱ ሲጋር ወገብ ላይ አሠረ። በ1889 ደግሞ መንግሥት ራሱ ገባበትና በሣጥኑ ላይ የሚለጠፍ የዋስትና ወረቀት አወጣ። እንግዲህ ቀለበቱ ከመጀመሪያው የመጣው በውሸት የተነሳ ነው፤ ይህንን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ያ ሁሉ ቀለምና ወርቅ የመጣው በድንጋይ ኅትመት ነው፣ ሊቶግራፊ ይሉታል። ዘይትና ውሃ እንደማይዋሃዱ ወጥ ቤት የምትውል ሁሉ ታውቃለች። አታሚው ለስላሳ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው ቀለም ይሥላል፣ ድንጋዩን ውሃ ያርሰዋል፣ ከዚያ የኅትመት ቀለም ሲቀባው ቀለሙ ቅባቱ ላይ ብቻ ይይዛል፤ ውሃው ያለበት ንጹሕ ይቀራል። ለየቀለሙ የየራሱ ድንጋይ አለው። ስድስት ቀለም ካለ ያቺ ጣት የማታክል ወረቀት ስድስት ጊዜ ታትማለች ማለት ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በኩባ የሲጋር ፋብሪካዎች ሠራተኞቹ ሲጠቀልሉ እየዋሉ ከፊታቸው ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው ነበራቸው። ልማዱ የተጀመረው በ1865 ሲሆን ለአንባቢው ይከፍሉ የነበሩት ሠራተኞቹ ራሳቸው፣ ከደሞዛቸው አዋጥተው ነው። በ1935 የተቋቋመው «ሞንቴክሪስቶ» የሚባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው ሠራተኞቹ ደጋግመው ይነበብልን ይሉት ከነበረው ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ ነው። እኛም ሪያል ሪያል አዋጥተን ይህችን ጋዜጣ ፎቶ ኮፒ ስናስነሳ እነሱ ትዝ ይሉኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ወንድሜ ሐይቅ ነው ያለው፣ ከደሴ አለፍ ብሎ። መፋቂያ ይሸጣል። እናቴ ጓሮ ካለው ወይራ እየቆረጠ፣ እየላጠ፣ አሥር አሥሩን በክር አስሮ ገበያ ያወጣል። ጥሩ መፋቂያ ነው፣ ግን መፋቂያ ሁሉ መፋቂያ ይመስላል፤ ደንበኛው ከእሱ ይግዛ ከጎረቤቱ አያውቅም። እኔ ቀለበቶቼን እያየሁ «ለአንተም ልሥራልህ» አልኩት። ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደብኝ፣ ሦስት ጊዜም ተሳሳትኩ። እናንተ እንዳትሳሳቱ ስሕተቴን ከነሒሳቡ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ልክ ነው። የሲጋር ውፍረት የሚለካው ኢንችን 64 ቦታ ከፍለው ነው። 50 ቁጥር ሲጋር ማለት ከ64ቱ 50 እጅ፣ ወደ 20 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን ለማግኘት ውፍረቱን በ3.14 ማባዛት ነው፣ ያ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ። 62 ሚሊሜትር ይመጣል። በዚያ ላይ ጫፍና ጫፉ የሚደራረብበት ትንሽ ጅራት ይጨመርለታል። ሲጋር በቁጥር ስለሚጠቀለል ይህ ይሠራል። እኔ ግን ወንድሜን አንድ መፋቂያ አስለክቼ ለአንድ አንድ እንጨት የሚሆን ቀለበት ነደፍኩ። እንጨት ደግሞ እግዜር እንዳበቀለው ነው፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም። ግማሹ ወለቀ፣ ግማሹ አልዞር አለ። እርጥብ ሆኖ ልክ የመጣውም ሲደርቅ ሟሸሸና ወለቀ። ደግሞም ይሄ አፍ የሚገባ ዕቃ ነው፤ የወረቀቱ ቀለም ከምራቅ ጋር ቢገናኝስ ብዬ ሳስብ ተውኩት። ለእስሩ ለአሥሩ በአንድ ላይ ይሁን፣ ከሚፋቀው ጫፍም ይራቅ አልኩ።

እስሩን በክር ይለካ። ክሩን ዙሪያውን አዙሮ፣ ምልክት አድርጎ፣ ክሩን ማስመሪያ ላይ መዘርጋት ነው። አንድ እስር ለክታችሁ እንዳታምኑ፣ አሥር ለኩ። የወንድሜ ከ110 እስከ 125 ሚሊሜትር ሆነ። ስለዚህ ወረቀቱን 143 ሚሊሜትር አደረግኩት። በወፍራሙ እስር ላይ 18፣ በቀጭኑ ላይ 33 ለመደራረቢያ ይተርፋል። 143 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ብትሉ፣ ከተራው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። ኤ4 ወረቀት 297 በ210 ነው። ማሽኑ ዳር ዳሩን አያትምምና ከየጎኑ አምስት አምስት ሚሊሜትር ያህል ተዉለት። 143 በ20 የሆነ ቀለበት ሁለት ወደ ጎን፣ አሥር ወደ ታች፣ በአንድ ወረቀት ላይ ሃያ ይገባል። አምስት መቶ ለማውጣት 25 ወረቀት በቂ ነው። ብክነት የለውም፣ ቁርጥራጭም አይጠርግም ወንድሜ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ጽሑፉ ነው። ክብ ነገር ፊቱን ሁሉ አያሳይም። ከዙሪያው በደንብ የሚነበበው ሲሶው ያህል ነው፣ ሌላው ወደ ጎን ይዞራል። የሲጋሩን ቀለበት አስተውላችሁ እዩት፤ መሐሉ ሰፋ ብሎ እንደ ሜዳሊያ ይሆናል፣ ግራና ቀኙ እንደ ክንፍ ይቀጥናል። 62 ሚሊሜትር ዙሪያ ካለው የሚታየው ሃያ ገደማ ስለሆነ ስሙን እዚያች ሃያ ውስጥ ይጨርሱታል፤ ክንፉ ላይ ጌጥ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ «የሐይቅ የወይራ መፋቂያ» ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጻፍኩ። ገዢው «የሐይቅ»ን ከፊት አንብቦ የቀረውን ለማንበብ እስሩን እንደ እጣ ያሽከረክራል። አሁን «ሐይቅ ወይራ» የሚለው ብቻ ነው ያለው፣ 38 ሚሊሜትር ላይ አልቋል።

ስትሥሉ በሚፈለገው ልክ አትሣሉ። እጥፍ አድርጋችሁ በ286 በ40 ሣሉና ፎቶ ኮፒ ቤት «ሃምሳ ፐርሰንት አሳንሱልኝ» በሏቸው። የእጅ መንቀጥቀጥ በማነሱ ይጠፋል። ጥቁር እስክሪብቶ እንጂ እርሳስ አይሁን። ፊደላችን ደግሞ ቀለበትና ቅጥያ ይበዛበታል፤ ጨ፣ ጬ፣ ሏ የመሳሰሉት በደቃቁ ሲጻፉ ቀዳዳቸው በቀለም ይደፈናል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከዚያ ርቀት ካላነበባችሁት ገዢውም አያነበውም።

ቀለም ኅትመት ውድ ነው ትሉ ይሆናል። መክተባ ገብታችሁ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ወረቀት ግዙና በጥቁር አስነሱበት። በአንድ ቀለም ዋጋ ሁለት ቀለም አገኛችሁ።

ማጣበቂያው ላይ ሲጋር ሠሪዎቹን ስሙ። ከተክል የሚሠራ፣ ጣዕምና ሽታ የሌለው ሙጫ ነው የሚጠቀሙት፤ የሚቀቡትም ጅራቱን ብቻ ነው፣ ወረቀት ከወረቀት እንዲያያዝ። ቅጠሉን ከነካው ሲላጥ ቅጠሉ ይቀደዳል። ለመፋቂያችንም የዱቄት ሙጫ ይበቃል፤ ዱቄትና ውሃ አፍልቶ፣ ስስ አድርጎ ጅራቱ ላይ ብቻ። በደንብ ሳይደርቅ ከተከመረ ግን ይሻግታል።

ሦስተኛው ስሕተቴ የሒሳብ አይደለም። ወንድሜ በስልክ «የመካ ሲዋክ በይበት፣ ሚናራም ሣይበት፣ በእጥፍ እሸጠዋለሁ» አለኝ። እኔም ሣልኩት። እውነቱን ልናገር፣ ከሠራሁት ሁሉ ያማረው እሱ ነበር። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ማታ ተኝቼ ግን አንድ ሽማግሌ ታየኝ፤ ከሐረም የመጣ መስሎት ገዝቶ፣ ስሞ፣ ለጁምዓ የሚያስቀምጠው። መካ ከእኔ የመኪና መንገድ ናት፤ በሐረሙ በሮች ሲዋክ የሚሸጡትን አይቻለሁ፣ ያ ሌላ እንጨት ነው፣ አራክ ነው። የእናቴ ወይራ መካን አያውቃትም። ኩባዎቹ ቀለበቱን ያመጡት እንዲህ ያለውን ነገር ለመከላከል፣ እኔ ደግሞ ለዚሁ ለራሱ ልሠራበት።

በማግሥቱ ደወልኩና ተወው አልኩት። ሁለት መቶ አሳትሟል። ተቆጣ፣ «እዚያ ሆነሽ ለእኛ ኑሮ ምን ታውቂያለሽ» አለኝ። ልክ ነው፣ ገበያ የሚቆመው እሱ ነው። ቢሆንም የሠራሁት እጅ የእኔ ነውና የኅትመቱን ከፍዬ አስቀረሁት። ሰባት ሳምንት ስልኬን አላነሳም። ሁለቱ መቶ ወረቀት አሁንም እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው።

ወረቀት ምን ያህል እንደሚያሳምን መንግሥታትም ያውቁታል። አውስትራሊያ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የሲጋርን ቀለበት ሳይቀር ጥቁር ቡናማ፣ ጌጥ የሌለው አድርጋዋለች። በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የሲጋራ ፓኮ ፊትና ጀርባ 70 በመቶው የጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ተደነገገ። እዚህ ሳዑዲም በ2019 ፓኮዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዛዛ መልክ ሲይዙ አጫሾች «ጣዕሙ ተለወጠ» እያሉ አቤት አሉ። ባባም ሲጋራውን እያገላበጡ ሲያጉረመርሙ እኔው ሰምቻለሁ።

እዚህ ሆናችሁ ዕቃ ለመሸጥ እንዳትሞክሩ፤ ያለ ፈቃድ መነገድ መዘዝ አለው። ይህ ለሀገር ቤት ነው፣ ለእናታችሁ ቡና፣ ለእኅታችሁ ዕጣን። ሥራው ሰፍቶ ስሙን ሰው መስረቅ ከጀመረ ምልክቱን አዲስ አበባ ባለው የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ይቻላል። ወንድሜ ገና እዚያ አልደረሰም። ቢጫው «ሐይቅ ወይራ» ላይ ግን በስምንተኛው ሳምንት ደውሎ «ሦስት መቶ ጨምሪ» ብሎኛል። ስለ ሌላው ነገር አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

የቤት ሥራ፦ ውፍረቱ 30 ሚሊሜትር የሆነ የዕጣን ጥቅል አለ። ዙሪያው ስንት ነው? 15 ሚሊሜትር ጅራት ስንጨምር ወረቀቱ ስንት ይርዘም? ስሙስ በስንት ሚሊሜትር ውስጥ ማለቅ አለበት? ሒሳቡን ከነሥዕሉ ጋዜጣዋን ለምታደርስላችሁ እኅት ስጧት፣ ለእኔ ይደርሰኛል። ክር፣ ማስመሪያና መቀስ ይበቃችኋል።