እናት የሌላቸውን ጫጩቶች ስለ ማሳደግ

ልጆች ሆይ፤ ዶሮ ጫጩቶቿን ስትመራ አይታችሁ ታውቃላችሁ። እርስዋ ከፊት ትሄዳለች፤ ልጆቿም እየጮኹ ይከተሏታል። መሬቱን በእግሯ ትጭራለች፤ ትል ወይም ፍሬ ባገኘች ጊዜ ራሷ አትውጠውም፤ በልዩ ድምፅ ትጠራቸዋለች፤ እነርሱም ሮጠው መጥተው ይለቅማሉ። ብርድ ሲበረታ፥ ዝናብም ሲጥል ክንፏን ዘርግታ ከሥሯ ትሰበስባቸዋለች። ጭልፊት በሰማይ ሲያንዣብብ አስቀድማ አይታ የምትጮኸው እርስዋ ናት። ስለዚህ እናት ዶሮ ለጫጩቶቿ ቤት ናት፥ ምድጃ ናት፥ መጋቢ ናት፥ ዘበኛም ናት።

ነገር ግን በዛሬው ጊዜ ብዙ ጫጩቶች እናታቸውን ሳያዩ ያድጋሉ። እንቁላሉ በመፈልፈያ መኪና ውስጥ 21 ቀን ያህል ሞቆ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹም የአንድ ቀን ዕድሜ ሳሉ በካርቶን ተጭነው ይሸጣሉ። እንዲህ ያለውን ጫጩት የወሰደ ሰው የእናቲቱን ሥራ ሁሉ ተረክቧል። ይህን ሳያስብ የተቀበለ ልጅ ምን እንደ ደረሰበት እነሆ እንነግራችኋለን።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር የተሠራች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከ2400 ሜትር ስለሚበልጥ ሌሊቷ ብርድ ነው። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ፥ በ1850 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከደሴ ይልቅ ትሞቃለች። በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሠፈር አንድ ተማሪ ነበረኝ። በኅዳር ወር አባቱ ከኮምቦልቻ ሲመለስ 12 ጫጩቶች ገዝቶ አመጣለትና «እነዚህ ያንተ ናቸው፤ ተግተህ ብታሳድጋቸው ከእንቁላላቸው ዋጋ ደብተርና ልብስ ትገዛለህ» አለው።

ልጁ እጅግ ደስ አለው። ነገር ግን እንግዶቹ መጡ እንጂ ቤታቸው አልተዘጋጀም ነበር። ጫጩቶቹን ከነካርቶናቸው በሲሚንቶ ወለል ላይ አኖራቸው፤ ስንዴ እንዳለ በተነላቸው፤ በጎድጓዳ ሣህንም ውሃ ሞልቶ አቀረበላቸው። ሌሊቱን ጫጩቶቹ ያለ ማቋረጥ ጮኹ። እርሱ ግን «ይጫወታሉ» ብሎ አልተነሣም። ሲነጋ ቢያይ ሁለቱ ጫጩቶች ከጓደኞቻቸው ሥር ተደፍጥጠው ሞተዋል፤ አንዱም በሣህኑ ውስጥ ሰጥሟል። የቀሩት ዘጠኙ በአንድ ጥግ ተደራርበው ይንቀጠቀጡ ነበር።

ልጁ በዚያ ቀን አለቀሰ። በመሸ ጊዜ «ዛሬስ በብርድ አይሞቱብኝም» ብሎ ከሰል አቀጣጠለና ምድጃውን እርሱና ታናሽ ወንድሙ ከሚተኙበት ክፍል አስገባ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣም በሩንና መስኮቱን ዘጋ። በዚህ ጊዜ አያቱ ደረሱ።

«ልጄ፥ ይህን እሳት አሁኑኑ ወደ ውጭ አውጣ! በሩንም ክፈት!» አሉት።

«እማማ፥ ጫጩቶቼ በብርድ ሊያልቁብኝ ነው» አላቸው።

«አብሽር ልጄ፥ ብርዱን እናርቀዋለን። ነገር ግን ዘጠኝ ጫጩት አድናለሁ ብለህ ራስህንና ወንድምህን ልታጠፋ ነውን? በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል።»

ልጆች ሆይ፤ አያቲቱ የተናገሩት እውነት ነው፤ ይህንንም ከቶ አትርሱ። ከሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣል። ይህ አየር በዓይን አይታይም፤ ሽታም የለውም። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ቢቀላም እንኳ መርዙ መውጣቱን አይተውም። ስለዚህ ለጫጩትም ሆነ ለራሳችን ሙቀት ብለን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድደን መተኛት አይገባም።

ከዚህ በኋላ አያቱ «ዶሮ እሳት የላትም፤ ያላት የገላዋ ሙቀትና ላባዋ ነው። እኛም እንደ እርስዋ እናድርግ» አሉት። አንድ ሰፊ የእንጨት ሣጥን ፈልገው አመጡ፤ በውስጡም ሌላ አነስተኛ ካርቶን አስገቡ። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ሁሉ ደረቅ የጤፍ ጭድ ጠቀጠቁበት፤ ከሥሩም እንዲሁ ጭድ አነጠፉ። በውስጠኛው ካርቶን የሞቀ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በአንደኛው ጫፍ አኖሩ። ከላይም አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ትተው በቀላል ጨርቅ ከደኑት። ጭዱ ሙቀቱን እንደ ላባ ይዞ አቆየ፤ ጠርሙሱም በቀዘቀዘ ጊዜ ልጁ እየተነሣ ውሃውን ይለውጥ ነበር። በዚያ ሌሊት የሞተ ጫጩት አልነበረም።

እንዲህ ያለው ሣጥን የተማሩ ሰዎችም የመሰከሩለት ነው። በጅማ የእርሻ ኮሌጅ የነበሩ ሊቃውንት፥ እሳትና ኤሌክትሪክ ሳይኖር ጫጩቶች በገላቸው ሙቀት ብቻ የሚያድጉበትን የድርቆሽ ሣጥን መርምረው፥ ለገበሬ ቤት የሚስማማ መሆኑን ጽፈዋል። ጫጩቶቹ ብዙ ሲሆኑ እርስ በርሳቸው ይሟሟቃሉ፤ ጥቂት ሲሆኑ ግን ሙቀት ሊጨመርላቸው ይገባል። መብራት ባለበት ቤት አምፑል ከሣጥኑ በላይ በአንድ ጫፍ ይሰቀላል፤ ነገር ግን አምፑሉ ጭድ እንዳይነካና እሳት እንዳያስነሣ መጠንቀቅ ያሻል።

አሁን የጫጩትን ቤት ሥርዓት በተራ እንመልከት።

አስቀድሞ ስለ ሙቀት። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት በሚተኛበት ቦታ ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሊሆን ይገባል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ላባው ሲወጣ ጫጩቱ ራሱን ማሞቅ ይችላልና። የሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ይመልከት። በአንድ ቦታ ተደራርበው ቢጮኹ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ከፍተው፥ አፋቸውንም ከፍተው እያለከለኩ ከሙቀቱ ቢሸሹ ሞቋቸዋል። በሣጥኑ ሁሉ ተበትነው ቢበሉና ቢተኙ ተስማምቷቸዋል። ስለዚህ አንዱ ጫፍ ሞቃት፥ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ጫጩቱም የሚሻለውን ራሱ ይመርጣል።

ሁለተኛ ስለ ወለልና ስለ አየር። በወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አራት ጣት ያህል ይነጠፋል። የረጠበው እየተነሣ በደረቅ ይለወጣል፤ በእርጥብ ጉዝጓዝ ላይ የሚኖር ጫጩት ደም ቀላቅሎ የሚያስቀምጥ በሽታ ይይዘዋልና። ሣጥኑ አየር ይግባበት እንጂ ነፋስ አይምታው። ድመት፥ አይጥና ሽለምጥማጥ እንዳይገቡም በሽቦ ወንፊት ይሸፈን።

ሦስተኛ ስለ ውሃ። ውሃው ንጹሕና ለብ ያለ ይሁን፤ ዕቃውም ዝርግ ይሁን። ጫጩቱ ገብቶ እንዳይሰጥም በውሃው ውስጥ የታጠቡ ጠጠሮች ይደረደራሉ። ከመንገድ የመጣ ጫጩት አስቀድሞ ውሃ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ ይብላ።

አራተኛ ስለ ምግብ። ጫጩት ከመፈልፈሉ በፊት የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዱ ያስገባል፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ያህል ሳይበላ መንገድ መሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ረኀብ ቶሎ ይጎዳዋል። ያልተከካ ስንዴና በቆሎ ለትንሽ አፉ አይሆንም፤ ተከክቶና ደቆ ይሰጠዋል። እህል ብቻውን ኃይል ይሰጣል እንጂ ሥጋና ላባ ለመሥራት አይበቃም። ስለዚህ ከበቆሎው ወይም ከማሽላው ጋር የተፈጨ የኑግ ፋጉሎና ተቆልቶ የደቀቀ ባቄላ ይቀላቀላል፤ ምስጥና ትልም ቢገኝ ጫጩት በደስታ ይበላዋል። ጎመን በቀጭኑ ተከትፎ ጥቂት ይጨመርለታል። ለጫጩት ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ መኖ ቢገኝ ግን ሁሉም በልክ ስላለበት ከሁሉ ይሻላል። ዶሮ ጥርስ የላትም፤ ምግቧን የምትፈጨው በሆዷ ውስጥ ባሉ ደቃቅ ጠጠሮች ነውና እህል ለሚበላ ጫጩት ንጹሕ አሸዋ ይቀርብለታል። የሻገተ እህል ግን መርዝ ነውና ለጫጩት አይሰጥም።

አምስተኛ ስለ በሽታ። ፈንግል የሚባለው በሽታ በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ሊጨርስ ይችላል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ አስቀድሞ የሚከላከል ክትባት ግን አለ። ይህም ክትባት በአገራችን በቢሾፍቱ ይሠራል። ስለዚህ ጫጩት የሚያሳድግ ሰው በአካባቢው ያለውን የእንስሳት ሐኪም በጊዜ ይጠይቅ።

ይህ ሥርዓት በዝርዝሩ ይለያይ እንጂ በሌላ አገር በሌላ ፍጥረትም ይሠራል። በአውስትራልያ ደረቅ ምድር ጢማም እንሽላሊት የሚባል ፍጥረት አለ። በፈራ ወይም በተቈጣ ጊዜ ከአገጩ ሥር ያለውን እሾሃም ቆዳ ይነፋል፤ ቆዳውም ጠቁሮ ጢም ይመስላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች ይህን እንሽላሊት ከሕፃንነቱ ጀምረው በቤታቸው ያሳድጋሉ። እንሽላሊት እንደ ዶሮ ከገላው ሙቀት አያፈልቅም፤ ከፀሐይና ከሞቀ ድንጋይ ይቀበላል እንጂ። ስለዚህ አስተዋይ ባለቤት የመስተዋት ሣጥን ይሠራለታል፤ በአንዱ ጫፍ 40 ዲግሪ ያህል የሚያሞቅ መብራት ይሰቅላል፤ ሌላውንም ጫፍ ቀዝቀዝ ያደርጋል። አጥንቱ እንዳይጣመምም የፀሐይን ጨረር የሚተካ ልዩ መብራት ይጨምርለታል። ሕፃን ሳለ አብዝቶ የሚበላው ፌንጣን የመሰሉ ነፍሳትን ነው፤ እነርሱም በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት እንዳይበልጡ ይመረጣሉ። ሲያድግ ግን አብዛኛው ምግቡ ቅጠል ይሆናል። በሠፈራችን የድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን እንሽላሊት ግን ይዛችሁ በጣሳ ውስጥ አትዝጉት። እርሱ ቤቱም ምግቡም ባለበት ስፍራ ነው።

ወደ ተማሪዬ ታሪክ እንመለስ። ዘጠኙ ጫጩቶች ላባ አወጡ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ልጁ በግቢው ውስጥ ለቋቸው ወደ ጨዋታ ሄደ፤ ጭልፊትም ወርዶ አንዱን ነጠቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ጠባቂ አልተዋቸውም። ስምንቱ አደጉ፤ አምስቱ ቄቦች፥ ሦስቱ አውራዎች ሆኑ። በግንቦት ወር ቄቦቹ እንቁላል መጣል ጀመሩ፤ ልጁም በመስከረም ደብተሩን በገዛ ገንዘቡ ገዛ።

በዚያን ጊዜ አባቱ «ነገ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ሌሎች ጫጩቶች ላምጣልህን?» ብሎ ጠየቀው። ልጁም ጥቂት አሰበና «አባባ፥ እስከሚመጣው ሳምንት ይቆዩልኝ፤ አስቀድሜ ቤታቸውን ልሥራ» አለ።

ልጆች ሆይ፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የሞተ ጫጩት ግን አይመለስም። ይህ ልጅ ጫጩቶቹን በመጀመሪያው ሌሊትም ይወዳቸው ነበር፤ ነገር ግን የሚያስፈልጋቸውን አላወቀም፥ ሲጮኹም አልተነሣም። እንስሳ የሚቸግረውን በቃል አይነግረንም፤ እኛ ግን ተመልክተን ልናውቅ እንችላለን። ስለዚህ ማናችሁም ሕፃን እንስሳ ከመቀበላችሁ በፊት ወዴት ይተኛል፥ ምን ይበላል፥ ማንስ ይጠብቀዋል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ባገኛችሁ ጊዜ ተቀበሉት።

ጥያቄ

1. እናት ዶሮ ለጫጩቶቿ የምታደርጋቸው አራት ሥራዎች ምንና ምን ናቸው?
2. በመጀመሪያው ሌሊት ሦስቱ ጫጩቶች ስለ ምን ሞቱ?
3. በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ስለ ምን አይገባም?
4. ጫጩት እንደ በረደው ወይም እንደ ሞቀው በምን ይታወቃል?
5. ልጁ በመጨረሻ ለአባቱ የመለሰው ቃል ምን መማሩን ያሳያል?