ማሳሰቢያ፦ ከዳታቤዝ ቁጥር አውጥታችሁ ሪፖርት ለምትልኩ

በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ኩዌሪ የምትጽፉ ሁሉ፣ በላካችሁት ቁጥር ክትባትና መድኃኒት ይመደባልና የሚከተለውን ልብ በሉ።

— ከመቁጠራችሁ በፊት የሚቆጠረውን ለዩ፤ እናት ነው ወይስ ክትትል? ለእርግዝና ክትትል 4 ጊዜ የመጣች እናት በክትትል ሰንጠረዡ 4 ረድፍ አላት። የእናቶቹ ሰንጠረዥ በጆይን ሲጣመር እሷም 4 ጊዜ ትወጣለች። ካውንት የሚቆጥረው ረድፍ ነው፤ ሰውን አያውቅም።

— ክትትልንና የላቦራቶሪ ምርመራን በአንድ ኩዌሪ ከእናቶች ጋር አጣምራችሁ አትቁጠሩ። ያቺው እናት 4 ክትትልና 3 ምርመራ ቢኖራት የሚወጣው 12 ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱ ክትትል ከእያንዳንዱ ምርመራ ጋር ይጣመራልና። ክትትሉም 12፣ ምርመራውም 12 ተብሎ ይላካል። ሁለቱን ለየብቻ፣ በእናቲቱ መለያ ቁጥር ግሩፕ ባይ አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ የምታጣምሩት የተቆጠረውን ይሁን። ብዙ ሰው ዲስቲንክት ጨምሮ ያልፋል። የእያንዳንዱን ሰንጠረዥ መለያ ለመቁጠር ያገለግላል፤ ለድምር ግን አይሆንም፤ ሁለት ጊዜ የተከፈለን 50 ብር አንድ 50 ብር ያደርገዋል። እኔ እንዲያውም ዲስቲንክት ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው ጆይኑን ነው።

— ክትትል ያልጀመሩትን እናቶች አትጣሉ። ተራ ጆይን ጭራሹን ያስቀራቸዋል፤ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ግን እነሱን ነው። ሌፍት ጆይን ተጠቀሙ። እዚያም ላይ ካውንት በኮከብ አይሁን፤ ባዶዋን ረድፍ 1 ብሎ ይቆጥራታል። የክትትሉን መለያ ዓምድ ስትቆጥሩ ነል ስለሚዘለል ትክክለኛው 0 ይወጣል። የክትትሉን የቀን ገደብ ዌር ውስጥ ከጻፋችሁ ደግሞ እነዚሁ እናቶች ተመልሰው ይወድቃሉ፤ ቦታው ኦን ነው።

— በስም አትቁጠሩ። «ሠላማዊት» እና «ሰላማዊት» ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው፤ ሁለት አልማዝ ከበደ ደግሞ አንድ ሰው ይሆናሉ።

— የዳታቤዙ ወር የፈረንጅ ነው፤ የጥቅምት ሪፖርት ስትሠሩ መነሻና መድረሻ ቀኑን አስልታችሁ ስጡት።

— ከመላካችሁ በፊት የወጡት እናቶች ብዛት ከእናቶች ሰንጠረዥ ብዛት ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ከዚያ ብዙ ክትትል ያላትን አንዲት እናት፣ ምንም የሌላትንም አንዲት መርጣችሁ ካርዳቸውን በእጃችሁ ቁጠሩ።