ስለ ፈርን አተካከልና ስለ ጥላ አጠባበቅ፤ ለመካነ ኢየሱስና ለአካባቢው የሚሆን ትምህርት

የዕፀዋት ሁሉ ባሕርይ አንድ አይደለም። ስንዴና ጤፍ ፀሐይን ፊት ለፊት ካላገኙ ፍሬ አይሰጡም፤ ቡና ግን በትልቅ ዛፍ ሥር ሆኖ ያምርበታል። ከቡናም ይልቅ ጥላን አጥብቆ የሚሻ፣ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠወልግ፣ ውሃም ሲጐድለው ቅጠሉ እንደ ገለባ የሚሆን አንድ ወገን አለ፤ እርሱም ፈርን የሚባለው ነው። በዓለም ላይ ከ10,000 የሚበልጥ የፈርን ዓይነት ሲኖር፣ የሚበዛው በሞቃቱ አገር እርጥብ ደን ውስጥ ይገኛል።

ከእነዚህ መካከል ለአትክልት ቦታ ጌጥ በጣም የሚወደደው በላቲን ቋንቋ አዲያንቱም የሚባለው ነው። ዘንጉ እንደ ፈረስ ጭራ ቀጭንና ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ቅጠሉም ጥቃቅን፣ ስስና ለምለም ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጓሜው «የማይርስ» ማለት ነው፤ ውሃ ሲነካው በቅጠሉ ላይ ተንከባሎ ይወርዳልና። በኢትዮጵያም በደን ውስጥ፣ በምንጭ አፍና ውሃ በሚያንጠባጥበው ዐለት ሥር በራሱ የሚበቅል ዓይነት አለው። ስለዚህ ከሩቅ አገር ማስመጣት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ኑሮውን ማወቅ ነው።

መካነ ኢየሱስ በደቡብ ጎንደር የእስቴ ከተማ ናት። በዚህ አገር ዝናም በብዛት የሚዘንመው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ግን ይበልጡን ደረቅ ነው። በክረምት የተተከለ ሁሉ የሚጸድቅ ይመስላል፤ ፈርንም በሐምሌ ሲታይ በሜዳ ላይ እንኳ ለምለም ነው። ፈተናው የሚመጣው በየካቲትና በመጋቢት ነው። እንግዲህ የዚህ ትምህርት መሠረት ይህ ነው፤ ፈርን ከጥላ በፊት አይተከልም። ጥላውንና እርጥበቱን አስቀድሞ ሳያሰናዳ የሚያስተክል ሹም ወይም ባለይዞታ ገንዘቡንና የሠራተኛውን ድካም በከንቱ ያጠፋል።

ከደን ስለሚገኘው ምሳሌ

ጥላ እንዴት እንደሚሠራ ለመማር የሚሻ ሰው በደቡብ ጎንደር ያሉትን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ይመልከት። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋራ የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2010 ዓመት ባሳተሙት ጽሑፍ 168 ዓይነት ዛፍና ቍጥቋጦ እንዳገኙ ገልጠዋል። በዙሪያው ያለው አገር ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር፣ እነዚህ ደኖች ሊቀሩ የቻሉት ካህናቱና ምእመናኑ ስለ ጠበቋቸው ነው።

በእንደዚህ ያለ ደን ውስጥ ጥላው ባለ ሦስት ደርብ ነው። እንደ ጽድና እንደ ወይራ ያሉት ዛፎች ከላይ ሆነው ፀሐይን ይከለክላሉ፤ ቍጥቋጦው ከመካከል ሆኖ ነፋስን ይሰብራል፤ የረገፈው ቅጠልም ከታች በስብሶ እርጥበትን ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም። ዛፎቹ ቆመው ሳሉ ከብት ቢገባባቸው ቡቃያው ይበላል፣ መሬቱም ይረገጣል፤ ከላይ ሲያዩት ደን የሚመስለው ከታች ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የድንጋይ ካብ ለደኑ ከጠባቂ ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ቦታ ስለ መምረጥና ስለ ማሰናዳት

በአትክልት ቦታ የሚሠራው ጥላ የዚህን የደን ሥርዓት በትንሹ መከተል አለበት። በመካነ ኢየሱስ አገር ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ከቤት ወይም ከካብ በስተ ሰሜን ያለው ወገን በበጋው ወራት ጥላ ያገኛል፤ ለፈርንም የተሻለው ቦታ ይህ ነው። ነገር ግን በሚያዝያ አጋማሽ ፀሐይ በአናት ላይ ትሆንና ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ የሰኔ ደመና እስኪመጣም ድረስ ያ ቦታ ይጋለጣል። ለእነዚህ ሳምንታት በቀርከሃ ወይም በቅርንጫፍ ዳስ መጣል ያስፈልጋል። ዳሱ ብርሃን ጭራሽ የሚከለክል አይሁን፤ በመሬቱ ላይ ጥላና ብርሃን ተቀላቅሎ ቢታይ መልካም ነው።

ዐፈሩ ውሃ የሚይዝ ግን ውሃ የማይቈርበት መሆን አለበት። ዋልካ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሁለቱም የፈርንን ቀጭን ሥር ይገድሉታል። ስለዚህ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቅ ቈፍሮ፣ ከበታች ጠጠር አንጥፎ፣ ከላዩ የበሰበሰ ቅጠልና ጥቂት አሸዋ የተቀላቀለበት ዐፈር መሙላት ይገባል። ትኩስ ፍግ አይጨመርበት፤ ሥሩን ያቃጥለዋልና።

ስለ መትከልና ስለ ማጠጣት

የሚተከልበት ጊዜ ሰኔ ነው፤ ክረምቱ ሳያልፍ ሥሩ መሬት ይይዛልና። በአትክልት ቦታ የጸደቀውን ፈርን ማብዛት የሚሻ ሰው፣ በመሬት ላይ የሚሳበውን ግንድ በስለታም ቢላዋ ቈርጦ፣ ለእያንዳንዱ ቍራጭ ሥርና ጥቂት ቅጠል አስቀርቶ፣ አንዱን ከሌላው አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አራርቆ ይትከል። ግንዱን በጥልቅ መቅበር አይገባም፤ ይበሰብሳል።

በበጋ ጧት ወይም ማታ ማጠጣት ነው፤ መሬቱ እርጥብ እንጂ ጭቃ አይሁን። ሠራተኛው ረስቶት ቅጠሉ ቢደርቅ ተነቅሎ አይጣል፤ የደረቀው ቅጠል አይመለስም፣ ሥሩ ግን ሕያው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የደረቀውን ከሥሩ ቈርጦ፣ መሬቱን አርሶ መጠበቅ ይገባል።

ከዱቄቱ ስለ ማብቀል

ፈርን አበባም ዘርም የለውም። የሚራባው ስፖር በሚባል ከቅጠሉ በታች በሚገኝ ደቂቅ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በእርጥብ መሬት ላይ ሲወድቅ አስቀድሞ እንደ ልብ ቅርጽ ያለች፣ ከጥፍር የማትበልጥ አረንጓዴ ገበታ ትበቅላለች፤ ከእርስዋም ላይ ውሃ ሲኖር ብቻ እውነተኛው ፈርን ይፀነሳል። ይህን የሁለት ትውልድ መፈራረቅ ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሆፍማይስተር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1851 ዓመት ገልጦ አስረድቷል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የቅጠሉ ጠርዝ ከበታች ቡናማ ሲሆን ቅጠሉን ቈርጦ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ጥቂት ቀን ማቈየት፤ ከዚያም ዐፈሩን በገል አድርጎ የፈላ ውሃ አፍስሶበት ሲቀዘቅዝ ዱቄቱን በስሱ መበተን፤ በመስተዋት ከድኖ ከጥላ ማስቀመጥ ነው። ከሳምንታት በኋላ አረንጓዴው ይታያል፤ ትንንሾቹ ፈርኖች ግን ወራት ይፈጃሉ። ክዳኑ በአንድ ጊዜ አይነሣ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተከፈተ ይለመድ። የመስተዋትን ጥቅም ያሳየው በለንደን ይኖር የነበረው ሐኪም ናትናኤል ዋርድ ነው፤ በከተማው ጢስ ምክንያት ፈርኖቹ እየሞቱበት ሳለ፣ በ1829 ገደማ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን በራሱ በቅሎ አገኘ።

ሹማምንትና ባለይዞታዎች ሊያደርጉት ስለሚገባ

ከዱቄት ማብቀል ጊዜ ይፈጃል ብሎ ከደን ነቅሎ ለማምጣት የሚቸኵል አይታጣም። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት ፈርን መሰብሰብ ወረት ሆኖ ስለ ነበረ፣ ከብርቅዬዎቹ አንዳንዶቹ ከተራራቸው ሊጠፉ ደርሰው ነበር። ከደን የተነቀለውም በፀሐይ በተመታ ግቢ ውስጥ ቶሎ ይሞታል፤ ደኑም ጐደለ፣ ግቢውም አላማረም።

ስለዚህ የወረዳው ሹም በችግኝ ጣቢያ ጥቂት ገል አሰናድቶ ከዱቄት ቢያስበቅል፣ ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ የሚሆነውን በጊዜው ያገኛል። ባለይዞታውም በምንጩ ራስ ያለውን ዛፍ ከመቍረጥ ይጠበቅ፤ ከብቱንም ከምንጩ ዐይን አርቆ በገንዳ ያጠጣ፤ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣውን ባሕር ዛፍ ከምንጭ አጠገብ አይትከል።

በመጋቢት ወር ምንጮችን የሚጐበኝ ሹም በዐለቱ ሥር ያለውን ፈርን ይመልከት። ፈርኑ ለምለም ከሆነ ጥላውና እርጥበቱ ገና አሉ ማለት ነው፤ ከርሞ ለምለም ሆኖ የነበረው ዘንድሮ ደርቆ ቢያገኘው ግን፣ ከምንጩ በላይ ወጥቶ የተቈረጠውን ዛፍና የተረገጠውን መሬት ይፈልግ። ይህን ምልክት በጊዜው ያስተዋለ ሰው፣ የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ወደ ሌላ ምንጭ ከመሄዳቸው በፊት ይደርሳል።