የጥይት ቁስል ምን ይመሰክራል? የጀላቲን ሙከራ፣ ውጅግራና የ1928 ዓ.ም. የ“ዱምዱም” ክስ ከፎገራ ሜዳ አንጻር ሲታይ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ የአንድ አረር ዘልቆ የመግባትና የመጠፍጠፍ ባሕርይ በጀላቲን እንዴት እንደሚለካ ያብራራል። በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የተፋጠጡትን ሁለት አረሮች፣ ውጅግራንና ካርካኖን፣ በስሌት ያነጻጽራል። ስሌቱ እንደሚያሳየው የቁስል ስፋት ብቻውን የአረሩን ዓይነት አያረጋግጥም። በወረታ አካባቢ ሙቀት እንዲህ ያለ ሙከራ ሲታሰብ ሊጠበቅ የሚገባው ጥንቃቄም ተመልክቷል። ጽሑፉ በስሌትና በታሪክ ንባብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የተኩስ ሙከራን አያካትትም።

1. መግቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። በጉማራና በርብ ወንዞች የሚጠጣው የፎገራ ሜዳ ዛሬ የሚታወቀው በከብቱና በሩዙ ነው። በ1928 ዓ.ም. ግን አካባቢው ራስ ካሣ ኃይሉ የሚያስተዳድሩት የበጌምድር አካል ነበር፤ ራስ ካሣም ጦራቸውን ይዘው ተምቤን ላይ ተዋግተዋል። በዚያ ጦርነት ከዘመቱት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የያዙት ውጅግራ ነበር። ስሙ “ፉዚ ግራ” ከሚለው የፈረንሳይኛ ስያሜ የመጣ ሲሆን ጠመንጃው የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት ነው፤ አረሩም ልባስ የሌለው እርሳስ ነበር።

በዚሁ ጦርነት ኢጣሊያ ኢትዮጵያውያን በሰውነት ውስጥ የሚጠፈጠፍ፣ “ዱምዱም” የተባለ ጥይት ይጠቀማሉ ስትል ለመንግሥታት ማኅበር ከሰሰች። ክሱ በወረቀት ላይ አልቀረም። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ለተረጨው የመርዝ ጋዝ የአጸፋ ምክንያት ተደርጎ ቀርቧል። ስለዚህ “ይህን ቁስል ያደረሰው ምን ዓይነት አረር ነው?” የሚለው ጥያቄ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

2. የሙከራው መሠረት

ጀላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። በውኃ ተበጥብጦ ሲረጋ የጡንቻን የመቋቋም ባሕርይ በተቀራራቢነት ይወክላል፤ አጥንትን፣ ቆዳንና ሳንባን ግን አይወክልም። ስዊዘርላንዳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በዚህ ዘዴ ተጠቅመዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ወታደራዊ ሐኪም ማርቲን ፋክለር ዘዴውን ቋሚ ልኬት ሰጡት፤ ይኸውም 10 በመቶ ጀላቲን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮም በ1986 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ ከደረሰበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ የሽጉጥ ጥይቶችን በዚህ ዘዴ መመዘን ጀመረ።

ከዋናው ሙከራ በፊት ጀላቲኑ ራሱ ይፈተናል። 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የብረት ድብልብል በሴኮንድ 180 ሜትር ገደማ ፍጥነት ስትተኮስ 8.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት፣ ዘልቃ መቆም አለባት። ይህን ያላለፈ ጀላቲን ላይ የተገኘ ውጤት ከሌላ ውጤት ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ከተኩሱ በኋላ ሦስት ነገሮች ይመዘገባሉ፤ አረሩ የዘለቀበት ጥልቀት፣ ከጀላቲኑ የወጣው አረር ስፋትና ክብደት፣ እንዲሁም ቀዳዳው የሰፋበት ቦታ።

3. የሁለት አረሮች ንጽጽር

የውጅግራ አረር 25 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። የኢጣሊያው ባለ 6.5 ካርካኖ አረር 10.5 ግራም ይመዝናል፤ ትክክለኛ ስፋቱ 6.8 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 700 ሜትር ገደማ ነው፤ እርሳሱም ሙሉ የብረት ልባስ አለው። ከእነዚህ አኃዞች ሲሰላ የውጅግራው የእንቅስቃሴ ጉልበት 2530 ጁል፣ የካርካኖው 2570 ጁል ይሆናል። ልዩነቱ ከ2 በመቶ አይበልጥም።

የፊት ስፋታቸው ግን እጅግ ይለያያል። የውጅግራው 95 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የካርካኖው 36 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ማለትም ውጅግራ ምንም ሳይጠፈጠፍ የሚከፍተው ቀዳዳ የካርካኖን 2.6 እጥፍ ይሆናል። የትንሽ አረር ቁስል ማየት የለመደ ሐኪም ይህን ሲያይ “ዱምዱም ነው” ቢል አያስገርምም።

እርሳሱ ተጠፍጥፎ 16 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ የፊት ስፋቱ 201 ካሬ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሚገጥመው ተቃውሞ በእጥፍ ስለሚጨምር የሚዘልቀው ጥልቀት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በሌላ በኩል ወደ 30 ሚሊ ሜትር የሚረዝመው የካርካኖ አረር ሳይጠፈጠፍ በጎኑ ቢገለበጥ የሚያሳየው ስፋት እንዲሁ ወደ 200 ካሬ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንዱ በመጠፍጠፍ፣ ሌላው በመገለባበጥ ተቀራራቢ ስፋት ያለው ቁስል ሊከፍቱ ይችላሉ ማለት ነው። ኢጣሊያ በ1938 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ባለ 7.35 አረር ጫፉ ውስጥ ቀላል አሉሚኒየም የተሞላ በመሆኑ ክብደቱ ወደ ኋላ አጋድሎ በቀላሉ ይገለበጥ ነበር፤ ልባሱ ግን ሙሉ ነው።

4. በእጅ የተሞላ ጥይት

በኢትዮጵያ ጥይት እንደ ገንዘብ ያገለገለበት ጊዜ ነበር፤ የተተኮሰ ቀለህም አይጣልም፣ ተመልሶ ይሞላ ነበር። እንዲህ ያለ ጥይት በባሩዱ መጠንና በእርሳሱ ጥራት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ ጉልበቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል። እርሳሱ ከሌላ ብረት ጋር ተቀላቅሎ ከጠነከረ ደግሞ የመጠፍጠፍ ባሕርዩ ይለወጣል። ስለዚህ በእጅ ለተሞላ ጥይት አንድ ተኩስ ማስረጃ አይሆንም። ቢያንስ አምስት ተኩስ፣ የእያንዳንዱም ፍጥነት መመዝገብ ያስፈልጋል።

5. የወረታ ሁኔታ

ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአየሩ መሳሳት በጥቂት ሜትር ርቀት ለሚደረግ ሙከራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ አሳሳቢው ሙቀቱ ነው። የጀላቲን የሙቀት አስተላላፊነት ከውኃ ጋር ይቀራረባል። በዚህ መሠረት ሲሰላ ከማቀዝቀዣ የወጣ ጀላቲን ላይ የውጭው ሙቀት 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ለመዝለቅ 12 ደቂቃ ያህል፣ 2 ሴንቲ ሜትር ለመዝለቅ 48 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል።

የለሰለሰው 1 ሴንቲ ሜትር ለድብልብሏ ከ8.5 ሴንቲ ሜትር ጉዞዋ 12 በመቶ ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ለሚዘልቅ አረር ግን 2.5 በመቶ ብቻ ነው። በመሆኑም ዘግይቶ የተደረገ ፍተሻ ጀላቲኑ ከእውነቱ ይልቅ የለሰለሰ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። በዚያ ፍተሻ ዋናውን ውጤት ማረም ስሕተትን በስሕተት መተካት ይሆናል። መፍትሔው ፍተሻውንም ተኩሱንም በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች መጨረስ ነው። ሙከራው የተኩስ ሥራ በመሆኑ ሕጋዊ ፈቃድ ካለው ተቋም ውጭ ሊታሰብ አይገባም።

6. ውይይት

ተጠፍጣፊ አረርን የከለከለው የሄግ መግለጫ በሐምሌ 29 ቀን 1899 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ ከክርክሩ ጀርባ የጀርመናዊው ሐኪም የፓውል ፎን ብሩንስ ሙከራዎች ነበሩ። የእንግሊዝ ልዑክ ሰር ጆን አርዳ ሙከራዎቹ የተደረጉት በሕንድ ዱምዱም በተሠራው አረር ሳይሆን ይበልጥ እርሳሱ በተገለጠ የአደን አረር ነው ሲሉ ተቃውመዋል። የክልከላው ሰብአዊ ዓላማ ተገቢ ነው፤ የልዑኩ የዘዴ ጥያቄም ተገቢ ነበር። የተፈተነው አረር የተከሰሰው አረር ካልሆነ ሙከራው ስለ ክሱ አይመሰክርም።

በ1928 ዓ.ም. ክስም ይኸው ጥያቄ መነሣት ነበረበት። ከላይ ያለው ስሌት ኢትዮጵያውያን ተጠፍጣፊ አረር ፈጽሞ አልተጠቀሙም አያሰኝም። የሚያሳየው የአረሩ ቅሪት ሳይመረመር ከቁስል ስፋት ብቻ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ፍርድ መስጠት እንደማይቻል ነው። ክሱ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ የመርዝ ጋዝን ሕጋዊ አያደርገውም።

7. ማጠቃለያ

እኩል ጉልበት እኩል ቁስል ማለት አይደለም፤ ተመሳሳይ ቁስልም ተመሳሳይ አረር ማለት አይደለም። ይህ ለታሪክ ተመራማሪው ብቻ ሳይሆን ዛሬ ለፍርድ ቤት የሕክምና ማስረጃ ለሚጽፍ ሐኪምም ይጠቅማል። ሐኪሙ የቁስሉን ልክ፣ ቦታና አቅጣጫ ቢጽፍ፣ የወጣውን አረር ሳይቧጥጥ አሽጎ ቢያስረክብ፣ የአረሩን ዓይነት ግን ለመርማሪ ባለሙያ ቢተው ማስረጃው ይጠነክራል። አረሩ ከተያዘ ሙከራ ሊከተል ይችላል፤ አረሩ ከጠፋ ግን የሚቀረው እንደ 1928ቱ ክስ ግምት ብቻ ነው።