የፈጣን ምርመራ ውጤትን በሠንጠረዥ ማንበብ

የኮቪድ-19 ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ ውጤት በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል፤ ትርጉሙ ግን በውጤት ወረቀቱ ላይ ተጽፎ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነቱ ምርመራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት፣ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ቢያንስ 80ውን፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 97ቱን በትክክል እንዲለይ ነው። ብዙዎች 80 የሚለውን ቁጥር ሲሰሙ፣ ፖዘቲቭ የተባለ ሰው ቫይረሱ ያለበት የመሆን ዕድል 80 በመቶ ይመስላቸዋል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ለማስረዳት ያህል፣ ምንም ምልክት የሌላቸው 2,000 ሰዎች ተመረመሩ፤ ከእነዚህም 100ው ቫይረሱ አለባቸው እንበል።

| ውጤት | ቫይረሱ ያለባቸው | የሌለባቸው | ድምር |
|---|---|---|---|
| ፖዘቲቭ | 80 | 57 | 137 |
| ኔጌቲቭ | 20 | 1,843 | 1,863 |
| ድምር | 100 | 1,900 | 2,000 |

57 የተገኘው ከ1,900 ሰዎች 3 በመቶው በስሕተት ፖዘቲቭ ስለሚባሉ ነው።

አንድ ሁኔታ አስቀድሞ ሲታወቅ የሌላው ዕድል ምን ያህል እንደሆነ የሚሰላበት መንገድ በሒሳብ ሁኔታዊ ፕሮባቢሊቲ ይባላል። እዚህ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ አካፋዩን መምረጥ ነው። የታወቀው ሁኔታ «ቫይረሱ አለበት» የሚል ከሆነ አካፋዩ የዓምዱ ድምር ነው፤ 80 ለ100 ሲካፈል 80 በመቶ ይሆናል። የታወቀው «ፖዘቲቭ ነው» የሚል ከሆነ ግን አካፋዩ የረድፉ ድምር 137 ነው፤ 80 ለ137 ሲካፈል 58 በመቶ ገደማ ይመጣል። ለ2,000 ማካፈል የተለመደ ስሕተት ነው፤ ውጤቱ ፖዘቲቭ መሆኑ ከታወቀ ወዲያ ኔጌቲቭ የሆኑት 1,863 ሰዎች ከስሌቱ ወጥተዋል። ተመርማሪውም ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው፤ በእጁ ያለው ውጤቱ እንጂ እውነቱ አይደለምና።

አሁን ደግሞ ትኩሳትና ሳል ያላቸው፣ ከታማሚ ጋር የቅርብ ንክኪ የነበራቸው 1,000 ሰዎች በዚያው መሣሪያ ተመረመሩ፤ 400ው ቫይረሱ አለባቸው እንበል። ከ400ው 320 ፖዘቲቭ፣ 80 ኔጌቲቭ ይሆናሉ፤ ከቀሩት 600 ደግሞ 18 ፖዘቲቭ፣ 582 ኔጌቲቭ። በዚህ ጊዜ ፖዘቲቭ የተባለው ሰው ቫይረሱ ያለበት የመሆን ዕድል 320 ለ338፣ 95 በመቶ ያህል ነው።

ይበልጥ አሳሳቢው የኔጌቲቩ ረድፍ ነው። በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ኔጌቲቭ ተብሎ ቫይረሱ ያለበት ሰው 20 ለ1,863፣ ማለትም 1 በመቶ ገደማ ነበር። በሁለተኛው 80 ለ662፣ 12 በመቶ ሆኗል። እያሳለ ኔጌቲቭ የተባለ ሰው ውጤቱን ተማምኖ አረጋዊት እናቱን ለመጠየቅ ቢነሣ፣ ቫይረሱን ይዞ የመሄዱ ዕድል ከስምንት አንድ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ሰው በፒ.ሲ.አር ምርመራ እስኪረጋገጥለት ድረስ ራሱን ለይቶ ይቆያል፤ ከቤተሰቡ ጋር መገናኘት ግድ ከሆነበትም ጭምብል ያደርጋል፣ መስኮት ይከፍታል።