የመኪና ቀለም እንዴት ይመረመራል?

በሬ ስንገዛ የሻጩን ቃል ብቻ አናምንም፤ የበሬውን አፍ ከፍተን ጥርሱን እናያለን። አሮጌ መኪናም እንዲሁ ነው።

አንድ ገበሬ ባሕር ዳር ላይ አሮጌ ቮልስዋገን ሊገዛ ነው እንበል። ሻጩ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው፤ እንደዚህ ያለ ሌላ የለም» ብሎ ዋጋ ይጨምራል። ገዢው ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ በሩን ይክፈት። ማጠፊያውን፣ ከበሩ ጎማና ከምንጣፉ ሥር ያለውን ይመልከት። ቀለም ቀቢ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ውጪው ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መኪናው ኋላ ተቀብቷል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ያንብብ። ብዙ ፋብሪካዎች የቀለሙን ቁጥር መኪናው ላይ በወረቀት ወይም በብረት ጽፈው ይለጥፋሉ። ቁጥሩ ከሚታየው ቀለም ጋር ይስማማል?

ሦስተኛ፣ «አላየሁም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ይህ ዓይነት ቮልስዋገን በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ መሠራቱ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ጣና ዳር አንድ ብቻ የታየ ቀለም በሌላ አገር ሞልቶ ይሆናል። ብርቅ መሆኑ የሚታወቀው በፋብሪካው መዝገብ ነው።

ፊደል የቆጠረ ገዢ ጆሮውን ብቻ አያምንም፤ ያየውን ካነበበው ጋር ያመሳክራል።