ትምህርት ዐሥራ አራት፦ የማነጻጸሪያ ድርሰት (የመድን ውል በሚታደስበት ጊዜ)

ባለፈው ትምህርት አንድን ነገር ብቻውን ወስዳችሁ መልኩንና ጠባዩን እንዴት እንደምትገልጹ ተምራችኋል። አሁን ደግሞ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንዱ ከሌላው በምን እንደሚለይ የሚያሳየውን የማነጻጸሪያ ድርሰት ትማራላችሁ። ለምሳሌ የተመረጠው ጉዳይ ከልብ ወለድ የተወሰደ አይደለም፤ መኪና ባለበት ቤት ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገባ ወረቀት ነው። ይኸውም የመድን ውል ዘመኑ ሊያበቃ ሲል የመድን ድርጅቱ ለባለ ንብረቱ የሚሰጠው የእድሳት ማስታወቂያ ነው። በብዙ ቤት እንዲህ ያለውን ወረቀት አንብቦ ለወላጆቹ የሚያስረዳው ተማሪው ልጅ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ ለእናንተ ሩቅ አይደለም።

በቅድሚያ ጥቂት ቃላትን እንመልከት። «መድን» በቀድሞው አነጋገር ዋስ ማለት ነው፤ «መድን ሆነለት» ሲባል ዋስ ሆነለት ማለት ነበር። ዛሬ ግን ኢንሹራንስ ለሚባለው ውል መጠሪያ ሆኗል። ዋስትናውን የሚሰጠው ድርጅት መድን ሰጪ፣ ዋስትናውን የሚገዛው ሰው መድን ገቢ ይባላል። «አረቦን» በግዕዝ መያዣ ወይም ቀብድ ማለት ሲሆን፣ በመድን ሥራ መድን ገቢው ለዋስትናው የሚከፍለው ዋጋ ነው። አረቦንና ካሳን አታምታቱ፤ አረቦን ከመድን ገቢው ወደ ድርጅቱ ይሄዳል፤ ካሳ ጉዳት ሲደርስ ከድርጅቱ ወደ መድን ገቢው ይመጣል።

ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ቁጥሮቹ ለትምህርቱ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው።

በደሴ ከተማ የሕንጻ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አንዲት የጭነት ፒክአፕ ነበረችው። የመኪናዋ የመድን ውል ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የእድሳት ማስታወቂያው መጣ። ነጋዴው መነጽሩን ሱቅ ረስቶት ስለ ነበር ወረቀቱን ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ሰጣት።

«አባዬ፣ የዘንድሮው አረቦን 21,600 ብር ነው ይላል፤ በጣም ጨምሯል» አለች።

«ከምን ጨመረ? አምና ስንት ከፈልን?»

ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያም የቤቱ ሰነድ ከሚቀመጥበት ሣጥን የአምናውን ውልና ደረሰኝ ፈልጋ አመጣች። አምና የተከፈለው 14,400 ብር ነበር።

«እንግዲያው 7,200 ብር ጨመሩብን። ከዚህ በኋላ ከነሱ ጋር ምን አለኝ! ነገ ወደ ሌላ ድርጅት እሄዳለሁ» ብሎ አባቷ ተቆጣ።

«ቆይ፣ አባዬ፤ መጀመሪያ ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይቼ ልንገርህ» አለችና ብዕርና ደብተር ይዛ ተቀመጠች።

ልጅቱ ያገኘችው ይህ ነው። አምና መኪናዋ የተገመተችው 900,000 ብር ነበር። አረቦኑ ከመቶ 2 እጅ ስለ ሆነ 18,000 ብር መጣ፤ ከዚህም ላይ ለረጅም ጊዜ ካሳ ስላልተጠየቀ ከመቶ 20 እጅ ቅናሽ ተደርጎ 14,400 ብር ሆነ። ዘንድሮ የመኪናዋ ግምት ወደ 1,200,000 ብር ከፍ ብሏል። በመቶው ሲታሰብ የሚወሰደው እጅ አልተለወጠም፤ 24,000 ብር ይመጣል። ሆኖም ቅናሹ ከመቶ 20 እጅ መሆኑ ቀርቶ ከመቶ 10 እጅ ብቻ ተደርጓል። በዓመቱ ውስጥ ግን አንድም ካሳ አልተጠየቀም።

«አባዬ፣ ቅናሹ እንደ አምናው ቢሆን ኖሮ የምንከፍለው 19,200 ብር ነበር። ስለዚህ ከጭማሪው ውስጥ 4,800 ብሩ የመኪናችን ግምት በመጨመሩ የመጣ ነው። 2,400 ብሩ ግን ምክንያቱ አልተጻፈም» አለችው።

አባቷ ጥቂት አሰበና፣ «የመኪናዋስ ግምት ለምን ጨመረ? አንድ ዓመት አርጅታለች እኮ» ሲል ጠየቃት።

የሰዋስው ትምህርት

በምንባቡ ውስጥ ልጅቱ መጀመሪያ «በጣም ጨምሯል» ብላ ነበር። ይህ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ አለው፤ በሰዋስው ሕግም ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አባቷ «ከምን?» ባላት ጊዜ መልስ አጣች። በአማርኛ ማነጻጸር የሚፈጸመው ቅጽሉን በመለወጥ አይደለም። «ርካሽ» የሚለው ቃል ከሌላ ጋር ሲነጻጸርም «ርካሽ» እንደ ሆነ ይኖራል። ንጽጽሩን የሚሸከመው «ከ» የተባለው መስተዋድድ ነው፤ እንደ «ይበልጣል»፣ «ያንሳል»፣ «ይሻላል» ያሉ ግሦችም ይከተሉታል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» በሚለው ተረት «ከሩቅ ዘመድ» የሚለውን ብታወጡት፣ የሚቀረው «የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ከማን እንደሚሻል ሳይነግረን ያልፋል።

ሁሉም «ከ» ግን ለማነጻጸር እንደማይገባ ልብ በሉ። «ከመቶ 20 እጅ» ሲባል «ከ» የሚያመለክተው ከጠቅላላው የተወሰደውን ክፍል ነው። «ከሣጥኑ አመጣች» ሲባል ደግሞ መነሻ ቦታን ያሳያል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» በሚለው ተረት ውስጥ ያለው «ከ» የትኛው እንደ ሆነ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተከራከሩበት።

የልዩነቱን መጠን የሚያመለክተው መስተዋድድ «በ» ነው፤ ምክንያቱን የሚያመለክተው ደግሞ «ስለ» ወይም እንደ ገና «በ» ነው። እንግዲህ የልጅቱን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር እንዲህ አድርገን ልንሞላው እንችላለን፦ «የዘንድሮው አረቦን ከአምናው በ7,200 ብር ይበልጣል፤ ከዚህም ውስጥ 4,800 ብሩ የመኪናዋ ግምት ስለ ጨመረ የመጣ ነው።» ከምን፣ በስንት፣ ስለ ምን ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የያዘ ዐረፍተ ነገር ማለት ይህ ነው። የተማሪዎችን ደብተር ለዓመታት ያረመ መምህር እንደሚያውቀው፣ «በጣም» የምትለዋ ቃል በብዛት የምትገኘው እነዚህ ሦስቱ በጎደሉበት ቦታ ነው።

ምንባቡን ማብራራት

የአባትየው ጥያቄ ተገቢ ነው። መኪና እያረጀ ሲሄድ ዋጋው ሊቀንስ ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ በአገራችን መኪናውም መለዋወጫውም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለ ሆነ፣ የብር የምንዛሪ ዋጋ ሲወርድ የአሮጌ መኪና ዋጋ ሳይቀር ይወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ብር በዶላር ሲመነዘር ያለው ዋጋ እጅግ ዝቅ ማለቱን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ግምቱ ከፍ ማለቱ ብቻውን ማታለል አይደለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች «ግምቱ አምና በነበረበት በ900,000 ብር ይቆይልኝ፤ አረቦኑም 14,400 ብር ይሁንልኝ» ይላሉ። ይህ ቁጠባ ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን ንብረቱ ከእውነተኛ ዋጋው ባነሰ ግምት መድን ከተገባለት፣ ውሉ በሌላ አኳኋን ካልደነገገ በቀር፣ ለጎደለው ክፍል ባለ ንብረቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደ ሆነ ይቆጥረዋል። 1,200,000 ብር የምታወጣ መኪና በ900,000 ብር ብቻ ዋስትና ቢገባላት፣ ዋስትናው ከአራት እጅ ሦስቱን ብቻ ይሸፍናል ማለት ነው። አደጋ ደርሶ የ400,000 ብር ጉዳት ቢያስከትል ካሳው 300,000 ብር ይሆንና ቀሪው 100,000 ብር ከባለ ንብረቱ ኪስ ይወጣል። በሌላ በኩል ግምቱን ከልክ በላይ ማስወጣትም ትርፍ የለውም፤ ካሳው ንብረቱ ጉዳት በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ስለማይበልጥ፣ በትርፉ ግምት ላይ የተከፈለው አረቦን ከንቱ ይቀራል። በየዓመቱ በመጀመሪያ የሚመረመረው እንግዲህ የግምቱ ትክክለኛነት ነው፤ ዋጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ነጋዴው በማግሥቱ ሌላ የመድን ድርጅት ሄዶ ጠየቀ እንበል። ያም ድርጅት ለዚያው ለ1,200,000 ብር ግምት 17,500 ብር አረቦን አቀረበለት። ይህ ቅናሹ ቢስተካከል ከሚከፈለው ከ19,200 ብር በ1,700 ብር ያንሳል። ነገር ግን በነባሩ ውል ጉዳት ሲደርስ ባለ ንብረቱ ራሱ የሚችለው የመጀመሪያውን 3,000 ብር ሲሆን፣ በአዲሱ ውል 10,000 ብር ነው። ስለዚህ አዲሱ ውል በአረቦን በ1,700 ብር ቢረክስም፣ አንድ አደጋ በደረሰ ቁጥር በ7,000 ብር ይወደዳል። ከአራት ዓመት በላይ ያለ አደጋ ለሚነዳ ሰው አዲሱ ይሻላል፤ በየዓመቱ ለሚጋጭ ግን አይሻልም። እንግዲህ «ይሻላል» ስትሉ «ለማን?» የሚለውን «ለ» አትርሱ። ድርጅት የሚለውጥ ሰው ካሳ ሳይጠይቅ የቆየበትን ጊዜ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀድሞው ድርጅት ይዞ ቢሄድ ይጠቅመዋል፤ ማስረጃ ከሌለው ያጠራቀመው ቅናሽ ላይታሰብለት ይችላል። የውሉ ዘመን እስኪያልፍ ድረስ እያማረጡ መቆየት ደግሞ አደገኛ ነው፤ ውሉ ካበቃ በኋላ የደረሰ ጉዳት በእርሱ አይካስም።

እንዲህ ከድርጅት ወደ ድርጅት እየሄዱ ዋጋ መጠየቅ በአገራችን ሁልጊዜ የሚቻል አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ በምትካቸው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ የግል መድን ሰጪዎች እንደ ገና እንዲቋቋሙ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት መካከል መድን ገቢው የዘንድሮውን ከአምናው ጋር ከማስተያየት በቀር ሌላ ማነጻጸሪያ አልነበረውም።

ብዙ መድን ሰጪዎች መኖራቸው ግን ብቻውን መድን ገቢውን አያድነውም። ለዚህ የእንግሊዝ አገርን ታሪክ እንመልከት። በዚያ አገር የመድን ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፤ ዋጋቸውንም ማወዳደር ቀላል ነው። ይሁንና ኩባንያዎቹ አዲሱን ደንበኛ በዝቅተኛ ዋጋ ከሳቡ በኋላ፣ ውሉን ዝም ብሎ በሚያድሰው ነባር ደንበኛ ላይ ዋጋውን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩበት ነበር። የአገሪቱ የገንዘብ ሥራ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ባደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቤትና ለመኪና መድን ከፍተኛ ዋጋ ይከፍሉ የነበሩ 6 ሚሊዮን ውል ገቢዎች በአማካይ ዋጋ ቢከፍሉ ኖሮ 1.2 ቢሊዮን ፓውንድ ይቆጥቡ እንደ ነበር አስታወቀ። በዚህም ምክንያት ከጥር 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ነባር ደንበኛ ውሉን ሲያድስ፣ ለእርሱ መሰል አዲስ ደንበኛ ከሚጠየቀው ዋጋ የበለጠ እንዳይጠየቅ ተከለከለ። እዚያ የተጎዱት በአንድ ጊዜ ብዙ የተጨመረባቸው ሳይሆኑ፣ ጭማሪው ትንሽ ስለ ሆነ የአምናውን ደረሰኝ ያላወጡ ሰዎች ናቸው።

ደብዳቤ መጻፍ

ወደ ደሴው ነጋዴ እንመለስ። ነጋዴው ድርጅቱን ከመልቀቁ በፊት ስለ 2,400 ብሩ በጽሑፍ ለመጠየቅ ወሰነ። ልጁ የጻፈችለት ደብዳቤ ይህ ነው።

ለመድን ድርጅቱ የደሴ ቅርንጫፍ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የአረቦን ስሌት እንዲብራራልን ስለ መጠየቅ

የመኪናችን የመድን ውል እንዲታደስ የላካችሁልን ማስታወቂያ ደርሶናል። በማስታወቂያው የተጠየቀው አረቦን 21,600 ብር ሲሆን፣ አምና ከከፈልነው ከ14,400 ብር በ7,200 ብር ይበልጣል። ከዚህ ውስጥ 4,800 ብሩ የመኪናው ግምት ከ900,000 ወደ 1,200,000 ብር ስለ ጨመረ የመጣ መሆኑን ተረድተናል፤ በዚህ ላይ ተቃውሞ የለንም። ቀሪው 2,400 ብር ግን ቅናሹ ከመቶ 20 እጅ ወደ ከመቶ 10 እጅ በመውረዱ የመጣ ነው። በዓመቱ ውስጥ ካሳ ስላልጠየቅን፣ ቅናሹ የወረደበት ምክንያት የውሉ ዘመን ከማብቃቱ በፊት በጽሑፍ እንዲገለጽልን፣ በስሕተት ከሆነም እንዲታረምልን እንጠይቃለን። የአምናው ውልና ደረሰኝ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር

ደብዳቤው ስድብም ልመናም እንደሌለበት ተመልከቱ። ጸሐፊዋ ድርጅቱ ትክክል የሆነበትን አስቀድማ ተቀብላለች፤ ይህን በማድረጓ የቀረው ጥያቄ ጎልቶ ወጥቷል። አባቷ «እነዚህ ሌቦች ናቸው ብለሽ ጻፊ» ብሏት ቢሆን ኖሮ፣ ቅርንጫፉ የሚመልሰው ስለ ስድቡ እንጂ ስለ 2,400 ብሩ አይሆንም ነበር።

መልመጃ

ሀ. «ዘንድሮ ቅናሹ በጣም ቀነሰ»፣ «ሌላው ድርጅት ይሻላል»፣ «የመኪናችን ግምት ትንሽ ነው» የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች ከምንባቡ ባገኛችኋቸው ቁጥሮች እየሞላችሁ እንደ ገና ጻፉ።

ለ. መኪናዋ በ1,200,000 ብር ተገምታ ቅናሹ ከመቶ 15 እጅ ቢሆን አረቦኑ ስንት ይሆናል? ከአምናውስ በስንት ይበልጣል? መልሱን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በሙሉ ዐረፍተ ነገር አስቀምጡ።

ሐ. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ በየጊዜው የሚከፈል አንድ ዋጋ ምረጡ፤ የቤት ኪራይ፣ የመድን አረቦን ወይም የእህል ወፍጮ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የአምናውንና የዘንድሮውን ደረሰኝ ተመልከቱ፤ ደረሰኝ ከሌለ ከፋዩን ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያም ልዩነቱን የሚያስረዳ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ የማነጻጸሪያ ድርሰት አዘጋጁ። ምክንያቱ ያልታወቀ ጭማሪ ካገኛችሁ፣ ለሚመለከተው ክፍል የሚላክ ደብዳቤ ጨምሩበት።